ማስተር ውስጥ ናቸው

እኔ የሟች የሕይወት ታሪክ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሥራዬ ነው፣ አላፍርበትም። አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ ስትታመም ስትድን የምትኖር አንዲት ፕሪንተር፣ ሁለት ወንበር። ሰው የሞተበት ሰው ዓይኑ እንዳበጠ ይመጣና ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሟቹን ስም፣ የትውልድ ዘመንና የልጆች ቁጥር ይነግረኛል። ቀሪውን እኔ አውቀዋለሁ። ሟቹ ወንድ ከሆነ “በተለያዩ የሥራ ዘርፎች በቅንነት ያገለገሉ” እለዋለሁ። ሴት ከሆነች ደግሞ “እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ለልጆቻቸው ሩኅሩኅ እናት”። ወረቀቱ ይታተማል፣ መቃብር ላይ ይነበባል፣ ሰው ያለቅሳል፣ ይበተናል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከባዶ ጀምሬ ጽፌ አላውቅም ነበር። የትናንቱን ሟች ፋይል እከፍትና የእሱን ስም አጥፍቼ የዛሬውን አስገባለሁ። ሴቶቹ ላይማ ጭራሽ አልደክምም፤ ከስምና ከልጆች ቁጥር በቀር የሚነካ ነገር የለም። አንዷ የሌላዋን ታሪክ ለብሳ ትቀበራለች። ማንም ቤተሰብ “ይህቺ እኮ የእኛ እናት አይደለችም” ብሎ መልሶልኝ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ግን ጉድ ሠራሁ። ልጅ ሳይወልዱ ያረፉ አንዲት ሴት ነበሩ። ከሁለት ቀን በፊት የጻፍኩላቸው ሟች የሰባት ልጆች እናት ናቸው። ስሙን ቀየርኩ፣ ዘመኑን ቀየርኩ፣ ሰባቱን ልጆች ግን እዚያው ረሳኋቸው። ባልየው፣ ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው፣ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው ሰባት ልጅ ሲነበብላቸው ሰሙ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያነበቡት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ድምፃቸው ያለ ማይክ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሰማ የሰፈሩን ሟች ሁሉ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ አንባቢ ነው የምንላቸው። የዚያን ቀን “ይቅርታ፣ መነጽሬ ነው” ብለው ጥፋቱን ለራሳቸው ወሰዱልኝ። በኋላ ሱቄ መጥተው ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና “ልጄ፣ አንቺም ሰው ነሽ፣ ይደክምሻል። ከእንግዲህ የማይመስል ነገር ካየሁ እዚያው ራሴ አስተካክዬ አልፈዋለሁ፣ አትጨነቂ” አሉኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ አልኳቸው፣ ከልቤ ነበር። ከዚያም ወዲያ ሦስት አራት ጊዜ አድነውኛል። አንዴማ አንዲት ምስኪን አሮጊት በመቶ አለቃነት ማዕረግ ልትቀበር ስትል ነው የደረሱላት።

ከሱቄ ሦስት በር አልፎ ብየዳ ቤት አለ። ታፔላው “ማስተር ብየዳ” ይላል። ማስተር የሚባሉት ባለቤቱ ነበሩ። ሚስታቸው የማስተር ሚስት ትባላለች፤ ሃያ አንድ ዓመት እዚህ ሰፈር ስኖር ሌላ ስም ሲወጣላት አልሰማሁም። እኔ እትዬ ነበር የምላት።

በር ወይም መስኮት የሚያሠራ ሰው ሲመጣ ከግቢው ውስጥ ብልጭታው ይታየዋል። ቱታ የለበሰ፣ የብየዳ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ብረት ላይ አጎንብሷል። ቢጠሩት ቀና አይልም። ትንሽ ቆይቶ ብልጭታው ይቆምና እትዬ በጓዳው በር በኩል እጇን በፎጣ እየጠረገች ብቅ ትላለች። “ማስተር ውስጥ ናቸው፣ ሥራ ይዘዋል፤ ለኔ ንገሩኝ፣ እነግራቸዋለሁ” ትላለች። ልኩን ትወስዳለች፣ ቀን ትቆርጣለች፣ በተባለው ቀን በሩ ይደርሳል። ስለ ሥራው ጥራት ሲወራ “ማስተር እኮ እጃቸው ወርቅ ነው” ነበር የሚባለው።

ማስተር ሲሞቱ እኔ እዚህ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። “ከጣሪያ ላይ ወድቀው ለአሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ ከቆዩ በኋላ” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ዝቅ ብዬ “እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በብየዳ ሙያቸው ያገለገሉ” ብዬ ጨመርኩ። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ጋሼ አንባቢ አነበቡት፣ ሕዝብ ሰማው። ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት በሩን ማን ሲበይድ ነበር ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከቀብሩ በኋላም ብልጭታው አልቆመም። ሰፈሩ የማስተር ሚስት ሠራተኛ ቀጠረች አለ። ሠራተኛው ሰላም ሲሉት እጁን ብቻ አንሥቶ ስለሚመልስ ድዳው የሚል ስም ወጣለት። ድዳው ጨዋ ነው፣ ድዳው ሱስ የለበትም፣ እንደ ድዳው ያለ ሠራተኛ ከየት ይገኛል ሲባል ይዋላል። አንዷ ጎረቤቴማ እህቷን ልትድርለት አስባ “ጠባዩ እንዴት ነው?” ብላ እትዬን ጠይቃታለች። እትዬ ፈገግ እንኳን ሳትል “ጥሩ ሰው ነው፤ ቤት ሲገባ ግን ይነጫነጫል” ብላ መለሰችላት።

እኔ ያወቅሁት የሱቄን መስኮት ፍርግርግ ሳስገጥም ነው። ብረቱ እዚያው ግድግዳው ላይ መበየድ ስለነበረበት ድዳው ጭምብሉን እንዳጠለቀ ማሽኑን እየጎተተ መጣ። እኔ ሻይ ላቅርብ አላቅርብ እያልኩ ቆሜያለሁ። ሥራው ሊያልቅ ሲል አንዲት የጋለች ፍንጣሪ በጓንቱ አፍ ገባች። “ውይ እናቴ!” አለ ድዳው። ድምፁ የእትዬ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። ጭምብሉን አላነሣችውም፤ በዚያ በጥቁሩ መስታወት በኩል ታየኛለች፣ እኔ አላያትም።

“ሰማሽ?” አለችኝ።

“አልሰማሁም” አልኳት።

የቀረውን በይዳ፣ ማሽኗን ጎትታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈስንም። በሱቄ በር ስታልፍ ብቻ ፍርግርጉን ነካ አድርጋ ታልፍ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሳንባዋ እምቢ አለ። የሠላሳ ዓመት ጭስ ነው። ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ መለሷት፤ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ እሷም ገብቷታል፣ እኔም ገብቶኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላከችብኝ። ማስተር ተኝተውበት የነበረው አልጋ ላይ ነው ያገኘኋት፤ ከአልጋው ትይዩ ወደ ብየዳው ግቢ የሚያወጣ በር አለ፣ በሩን አስከፍታ ማሽኗን እያየች ተጋድማለች። ተቀመጪ እንኳን አላለችኝም።

“አንቺ የምትጽፊውን አውቀዋለሁ” አለችኝ። “ስንት ቀብር ቆሜ ሰምቼዋለሁ። እንግዳ ተቀባይ ልትዪኝ ነው አይደል? መቼ ነው እንግዳ የተቀበልኩት? ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ልክ ሰጥቶኝ ነው የሚሄደው። ሩኅሩኅ ልትዪኝ ነው። ልጄን ጠይቂያት፣ ሩኅሩኅ እንደነበርኩ።” ሳል ያዛት። ሳሉ እስኪተዋት እጇን ይዤ ቆየሁ። መዳፏ እንደ ላሜራ ደርቋል።

“ምን ልጻፍ ታዲያ እትዬ?”

“የሠራሁትን። በሕይወቴ ደፍሬ አልተናገርኩትም። ከሞትኩ በኋላም ይሁን ግድ የለኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ‘ይህን በር የሠራችው እሷ ናት’ ይባልልኝ። ሌላ አልፈልግም።”

አራት ቀን ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ጻፍኩ። ማስተር በወደቁ በሁለተኛው ወር ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። ያልተጨረሱ ሁለት በሮች ግቢ ውስጥ ተጋድመዋል። ማስተር አልጋቸው ላይ ሆነው፣ ያ በር ተከፍቶላቸው፣ በድምፅ አስተማሯት። ቀና ብለው ማየት አይችሉም፣ ጀርባቸው እሺ አይላቸውም፤ የእሳቱን ድምፅ እየሰሙ “አሁን ራቅሽ፣ ኤሌክትሮዱን አቅርቢው... አሁን ቸኮልሽ... አዎ፣ እንዲህ፣ እንዲህ ሲንጣጣ ያዢው” ይሏታል። የመጀመሪያው በር ባለቤቱ ሲከፍተው ከማጠፊያው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አለ። ሴት ሠራችው ከተባለ ማንም አያሠራትም፤ ስለዚህ ቱታውን ለበሰች፣ ጭምብሉን አጠለቀች፣ ማስተር ውስጥ ናቸው አለች።

“እሳቸው ደስ ይላቸው ነበር” አለችኝ። “ሰው እጃቸው ወርቅ ነው ሲል እኔ ገብቼ እነግራቸዋለሁ፣ አልጋ ላይ ሆነው ይስቃሉ። እንዴት አድርጌ ይህንን እቀማቸዋለሁ? ሲሞቱ ደግሞ ‘ያኔ ዋሽቼ ነበር’ ለማለት ፊት አጣሁ። እንዲሁ እንዳለሁ ድዳው ሆኜ ቀረሁ።” ቀጠለችና “የሳቸውን ለሳቸው ስጪ። አስተማሪዬ ናቸው፣ ይጻፍ። የኔን ደግሞ ለኔ” አለችኝ።

የትምህርት ቤቱን በር፣ የጤና ጣቢያውን አልጋዎች፣ የመቃብሩን ትልቅ በር፣ የየቤቱን መስኮት አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ፋይል አልከፈትኩም፤ ስም አጥፍቼ ስም አልተካሁም። በሃያ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባዶ ወረቀት ጀምሬ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ፣ ጨርሼም አልከፈተችውም።

“ይቺ እኔ ነኝ” አለች። “ቃል ስጪኝ። እንዲነበብ።”

ሰጠኋት።

በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። አንድ ልጅ ናት ያለቻት፣ ከተማው ሌላኛው ዳር የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ ሴት። በዚያው ዕለት ሱቄ መጥታ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንደማንኛውም ሰው ስምና የትውልድ ዘመን ልትነግረኝ ጀመረች። እኔ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ግማሹን ስታነብ ከንፈሯ ደረቀ።

“ይህ አይነበብም” አለችኝ።

“እናትሽ ናት ያለችው።”

“እናቴ ናት ያለችው?” ሳቀች፣ ደስ የማይል ሳቅ ነው። “ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ሰውዬ መጥቶ ‘አባትሽ አለ?’ አለኝ። ‘አባዬ ተኝቷል፣ የምትበይደው እማዬ ናት’ አልኩት። ሰውዬው ለበሩ ያመጣውን ቱቦላሬ ብረት መልሶ ይዞ ሄደ። እማዬ በጥፊ አለችኝ፣ ጓንቷን እንኳን ሳታወልቅ። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። ‘ማስተር ውስጥ ናቸው በይ’ እያለች ደጋግማ አስባለችኝ። እኔ ያንን ስል ነው ያደግሁት። ባሌ አባቴ ሲበይድ እንዳሳደገኝ ነው የሚያውቀው። አሁን መቃብር ላይ ሕዝብ ፊት ቆሜ ምን ልባል ነው? ዕድሜ ልኬን ስዋሽ ኖርኩ ልባል ነው?”

የጥፊውን ነገር እትዬ አልነገረችኝም፤ “ልጄን ጠይቂያት” ያለችኝ ይህንኑ ኖሯል። ቃል ሰጥቻለሁ ብዬ ልጮህባት አማረኝ፣ ደግሞ አሳዘነችኝ። የፕሪንተሩን ክዳን ከፈት ዘጋ ማድረግ ያዝኩ።

እሷ ወረቀቱን መልሳ አነሣች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ማስተር በድምፅ ያስተማሩበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። “ይህንንም ነገረችሽ?” አለች። “እኔ አልጋው ሥር ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ‘አሁን ቸኮልሽ’ ሲላት እሷ ከውጭ ‘አልቸኮልኩም!’ ትላለች። ይጨቃጨቃሉ። ቤታችን ሰላም የነበረው ያኔ ነው።” እንባዋ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። በመዳፏ ልታደርቀው ስትሞክር ቀለሙን አበላሸችው። “ሌላ አትሚልኝ” አለችኝ። “ይነበብ። ባሌም ይስማ።”

አተምኩላት። ሰው በሞተበት ቀን ደስ አለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

በማግሥቱ ቀብር ሄድን። ሰዉ ብዙ ነበር። የመቃብሩን በር ስናልፍ ልጇ ማጠፊያውን በእጇ ነካ አደረገችና ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ሣጥኑ ከወረደ በኋላ ጋሼ አንባቢ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው መነጽራቸውን አጠለቁ። አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልታሰበኝም። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ስሕተት የሌለበት ወረቀት ጽፌ፣ ምን ብዬ አስጠነቅቃለሁ?

ስሟን አነበቡ። የተወለደችበትን አነበቡ፣ ከማስተር ጋር የተጋቡበትን አነበቡ፣ አንድ ልጅ መውለዷን አነበቡ። የሰዉ ሁሉ ጆሮ እሳቸው ላይ ነው። ከዚያ “ለሠላሳ ዓመታት በብየዳ ሙያ” ብለው ቆሙ።

ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። የትምህርት ቤቱን በር፣ የጤና ጣቢያውን አልጋዎች፣ ሁሉንም በዓይናቸው አለፉት። ከዚያ ቀና ብለው ከሕዝቡ መሃል እኔን ፈለጉ፤ አገኙኝ። ለኔ ብቻ የምትሆን፣ አይዞሽ የምትል ትንሽ ፈገግታ ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። አጠገቤ የቆመችውን ሴት ትከሻ ያዝኩ።

“ለሠላሳ ዓመታት በብየዳ ሙያ የታወቁት የማስተር ታማኝ ባለቤት የነበሩ ሲሆን” አሉ ጋሼ አንባቢ በዚያ ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፃቸው፣ “እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ለልጃቸው ሩኅሩኅ እናት ነበሩ።”

ከወረቀቱ ላይ አይደለም ያነበቡት፣ ወረቀቱንማ አጥፈውታል። በቃላቸው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ።

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ አለቀሱ። ልጇ አየችኝ፣ አየኋት። አፌን ከፈትኩ። “ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም” ማለት ነው፣ ሦስት ቃል ናት። ልጇ ባሏን አየት አደረገች፤ ሰውዬው እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ያጽናናታል። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እኔም አፌን ዘጋሁ። አፈር መመለስ ተጀመረ።

ከኋላዬ ያቺ እህቷን ልትድር ያሰበችው ጎረቤቴ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። “ድዳው እንኳን አልመጣም፣ አየሽ? ስንት ዓመት አብራው ሠርታ። ሰው ምን ዓይነት ነው።”

ሰዉ ሲበተን ጋሼ አንባቢ ወደ እኔ መጡ። የታጠፈውን ወረቀት እንዳይታይ አድርገው እጄ ውስጥ ወሸቁልኝና ጣቶቼን በጣታቸው አጠፉልኝ።

“አይዞሽ ልጄ” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “የሌላ ሰው ታሪክ ተቀላቅሎብሽ ነበር፤ የአንድ በያጅ ነው መሰለኝ። አስተካክዬዋለሁ። ማንም አላወቀብሽም።”

ደክሟቸዋል፣ ከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል፤ መልሴን እየጠበቁ ነው።

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ” አልኳቸው።